ስለ ባሕር አረም ዘርና በመመርመሪያ ቤት ስለሚበቅልበት ሥርዓት

በየወረዳው ለምትገኙ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች ኹሉ፤

ገበሬ ዘሩን ያውቃል። ጤፉን ከጎተራው ሰፍሮ፥ ስንዴውን ከእንክርዳድ ለይቶ ይዘራል፤ የዘራው ሳይበቅል ቢቀርም ምክንያቱን ከዘሩ ወይም ከመሬቱ ወይም ከዝናሙ ይፈልጋል። ነገር ግን ዘሩ በዐይን የማይታይ፥ ከየት እንደሚመጣም ለብዙ ዘመን ያልታወቀ አዝመራ በዓለም ላይ አለ። ይኸውም ሰዎች ለምግብ የሚያለሙት የባሕር አረም ነው። በዚህ አዝመራ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች ዘሩን እስኪያውቁ ድረስ ሥራቸው ከእርሻ ይልቅ ዕጣ እንደ መጣል ነበር።

ይህ ጽሑፍ የባሕር አረም ዘር በመመርመሪያ ቤት እንዴት ተለይቶ እንደሚወጣና እንደሚበቅል ይገልጻል። አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ነገሩ ከእኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አንድ በዐይን የማይታይ ዘር በንጽሕናና በትዕግሥት ሲመረመር የብዙ ሺሕ ቤተሰብን ኑሮ እንዴት እንዳቃና ማወቅ፥ በየወረዳው የእርሻን ጕዳይ ለሚመራ ሰው ጥቅሙ ብዙ ነው። የእናንተም ድርሻ ምን እንደ ሆነ በመጨረሻው ክፍል ተገልጿል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1ኛ፤ የኖሪ አልሚዎች ችግር

በጃፓን አገር ኖሪ የሚባል ከቀይ የባሕር አረም ወገን የሆነ ተክል አለ። ቅጠሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ታጥቦና ተከትፎ በስሱ ተሰጥቶ ሲደርቅ ሩዝ የሚጠቀለልበት ምግብ ይሆናል። በብሪታንያ ደሴት የሚኖረው የዌልስ ሕዝብም የዚህን ተክል ዘመድ ቀቅሎ ይመገባል።

የጃፓን የጠረፍ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የቀርከሃና የዛፍ ቅርንጫፍ እየተከሉ፥ በኋላም መረብ እየዘረጉ፥ ኖሪው በራሱ መጥቶ እንዲይዝበት ይጠብቁ ነበር። ቅጠሉ የሚያድገው ውሃው ቀዝቃዛ በሚሆንበት ወራት ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ፈጽሞ ይጠፋል። ውሃው እንደ ገና ሲቀዘቅዝ ትንንሽ ቅጠሎች በመረቡ ላይ ይታያሉ። አንዳንድ ዓመት መረቡ ኹሉ ይሞላል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ባዶ ይቀራል። ስለዚህም ኖሪን የዕድል ሣር ይሉት ነበር።

ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት አዝመራው ክፉኛ ስለ ወደቀ በዚህ ሥራ የሚኖሩ ቤተሰቦች ተቸገሩ። ችግሩ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ቅጠሉ ከጠፋ በኋላ ዘሩ በሞቃቱ ወራት የት እንደሚቈይ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፥ ዘሩን መጠበቅም ማብዛትም አልተቻለም።

መልሱ የተገኘው ከጃፓን ርቆ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። ወይዘሮ ካትሊን ድሩ ቤከር የሚባሉ የባሕር አረም ተመራማሪ በዚያ ያስተምሩ ነበር። በ1928 ባገቡ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ያገባች ሴት በመምህርነት ስለማያሠራ ማስተማራቸው ቀረ፤ ምርምራቸውን ግን ያለ ደመወዝ ቀጠሉ። እኒህ ሴት የዌልሱን አረም ዘር በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ሲያበቅሉ፥ የባሕር ዛጎል በተጨመረበት ጊዜ ዘሩ ቅርፊቱን ሰርስሮ እየገባ እንደ ቀጭን ቀላ ያለ ክር ሲያድግ ተመለከቱ። ያ ክር ለሊቃውንት እንግዳ አልነበረም፤ ከ1892 ጀምሮ ኮንኮሴሊስ ተብሎ ራሱን የቻለ ሌላ ተክል ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። እርሳቸው ግን ክሩና ቅጠሉ የአንድ ተክል ኹለት ኑሮዎች መሆናቸውን አስረዱ፤ ይህንንም በ1949 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ።

ወሬው ወደ ጃፓን ሲደርስ የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሶኪቺ ሴጋዋ ነገሩ በጃፓኑ ኖሪም እውነት መሆኑን መረመሩ። በኩማሞቶ የዓሣ ሀብት መሞከሪያ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ፉሳዎ ኦታ ደግሞ ዘሩን በዛጎል ላይ አብቅሎ ወደ መረብ የማሸጋገሩን ዘዴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለሥራ አበቁት። ከዚያ በኋላ የኖሪ ሥራ ዕድል መጠበቅ ቀርቶ እርሻ ሆነ። ወይዘሮዋ ጃፓንን ሳያዩ በ1957 ዐረፉ፤ የኖሪ አልሚዎች ግን በ1963 በኩማሞቶ በኡቶ ከተማ በአሪያኬ ባሕር ፊት ለፊት የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙላቸው። በያመቱም በኤፕሪል 14 ቀን በዚያ ተሰብስበው ያስቧቸዋል።

2ኛ፤ ስፖር ምን እንደ ሆነ

የባሕር አረም አበባም ፍሬም የለውም። የሚራባው ስፖር በሚባል ብናኝ ነው። የስንዴ ቅንጣት ለቡቃያው ስንቅ የሚሆን ዱቄት ይዞ በልባስ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ስፖር ግን እንዲህ ያለ ስንቅና ልባስ የለውም፤ ሕይወት ያለው አንዲት ክፍል ብቻ ነው። የኖሪው ስፖር ስፋት የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያህል ስለ ሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስንቅ ስለሌለውም የሚይዝበት ሥፍራ፥ ብርሃንና ንጹሕ ውሃ ቶሎ ካላገኘ ይሞታል።

የስፖር ጠባይ እንደ ወገኑ ይለያያል። ኬልፕ የሚባለው ትልቅ ቡናማ አረም ስፖሩ ኹለት የጅራፍ መሳይ ክሮች ስላሉት በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ከዚያ በኋላ በአለት ላይ ይጣበቃል። የቀይ አረም ወገን ስፖር ግን መዋኛ ስለሌለው ውሃው ወደ ወሰደው ሄዶ ይሰጥማል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ሥራውን ገና ከመጀመሪያው ያበላሻል።

እንደ ኖሪ ኹሉ ኬልፕም ኹለት ኑሮ አለው። ስፖሩ ሲበቅል በቀጥታ ትልቁን ተክል አይሆንም፤ በመጀመሪያ በዐይን የማይታዩ ወንድና ሴት ክሮች ይሆናል፤ ትልቁ ተክል የሚወለደው ከእነርሱ ጽንስ ነው። የዚህ ወገን አረም እንዲህ ያለ ስውር ኑሮ እንዳለው የፈረንሳይ ሊቅ ካሚይ ሶቫዦ በ1915 አስረድተዋል።

3ኛ፤ የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ/ ወላጁን መምረጥ። ሥራው የሚጀመረው ጤነኛና የበሰለ ተክል በመምረጥ ነው። በኖሪ ላይ የበሰለው ክፍል በቅጠሉ ዳር ቀልቶ ይታያል፤ በኬልፕ ላይ ደግሞ ጠቈር ያለ ቡናማ እድፍ መስሎ ይታወቃል። ያልበሰለ ቅጠል ስፖር አይሰጥም፤ ያረጀ ቅጠልም የሌሎች ጥቃቅን ተክሎችና ነፍሳት ማደሪያ ስለ ሆነ ንጹሕ ዘር አይገኝበትም። የተመረጠው ቅጠል ሳይሞቅና ፀሓይ ሳይነካው በቅዝቃዜ ወደ መመርመሪያ ቤት ይመጣል።

ለ/ ማጽዳት። ከበሰለው ክፍል ጥቂት ተቈርጦ፥ ተሕዋስያን በሌሉበት የባሕር ውሃ እየታጠበ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ወይም በሻሽ ይታሻል። ውሃው ብዙ ጊዜ ይለወጣል። አንዳንድ ባለሙያዎች ለጥቂት ጊዜ በጣም በቀጠነ የአዮዲን ውሃ ነክረው እንደ ገና ያጥቡታል። ስፖሩ ከወጣ በኋላ ከእድፉ መለየት እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጊዜ የሚደረግ ትጋት ኋላ የብዙ ቀን ድካም ያስቀራል።

ሐ/ ስፖሩን ማስወጣት። የጸዳው ቅጠል ውሃው ተጠርጎለት በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ በቀዝቃዛና ጨለማ ሥፍራ አንድ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ ወደ ቀዝቃዛ ንጹሕ የባሕር ውሃ ሲመለስ፥ ጥቂት ደርቆ የነበረው ቅጠል ውሃ ስቦ ስፖሩን ይለቃል። ከኬልፕ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስፖሩ ይወጣና ውሃው ይደፈርሳል። አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ስፖር መኖሩ ከታወቀ በኋላ ቅጠሉ ወዲያው ይወጣል፤ ቢቈይ ልጋጉ ውሃውን ያበላሻልና።

መ/ መለየት። ስፖሩን ከሌላው ነገር ለመለየት ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በእሳት ላይ ተስቦ እንደ ፀጕር በቀጠነ የመስታወት ቧንቧ በማይክሮስኮፕ እያዩ አንዲቱን ስፖር መምጠጥ ነው፤ ከዚያም ከአንዱ ንጹሕ ጠብታ ወደ ሌላው እያዛወሩ ይታጠባል። ኹለተኛው ማቅጠን ነው። በአንድ ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሺሕ ስፖር ቢኖር፥ አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ንጹሕ የባሕር ውሃ ጋራ መቀላቀል ወደ መቶ ያወርደዋል፤ ይኸው ሦስት ጊዜ ቢደረግ በአንድ ሚሊሊትር አንድ ስፖር ያህል ይቀራል። ይህም በብዙ ትንንሽ ዕቃዎች ሲከፋፈል በአንዳንዱ ዕቃ አንዲት ስፖር ብቻዋን ትበቅላለች። ሦስተኛው አጋር በሚባል የረጋ ነገር ላይ ስፖሩን በስሱ መዘርጋት ነው፤ እያንዳንዱ በረጋበት ሥፍራ ስለሚበቅል ንጹሑ ተመርጦ ይነሣል።

ሠ/ ውሃውና ምግቡ። የባሕር ውሃ ተሕዋስያን የሞላበት ስለ ሆነ እንዳለ አይሠራበትም። በእንፋሎት ኀይል በ121 ዲግሪ ቢሞቅ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ማዕድን ሊዘቅጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር አምስት ሺሕኛ እጅ በማይበልጥ ማጥለያ ያጠሩታል። ከዚህ በኋላ ማዳበሪያ ይጨመርበታል። የጀርመኑ ሊቅ ሽራይበር በ1927 ናይትሬትና ፎስፌት የሚጨመርበትን ቅምም አወጡ፤ በ1934 ደግሞ ፈይን የሚባሉ የኖርዌይ ሊቅ ለም አፈር ተቀቅሎ የተጣራበትን ውሃ ጨመሩበት። የመሬት አፈር ለባሕር ተክል የሚጠቅም መሆኑ ለገበሬ የሚያስገርም ነገር ነው። ኋላ ሉዊጂ ፕሮቫሶሊ በአፈሩ ፈንታ ብረትን፥ ሌሎች ጥቃቅን ማዕድናትንና ቪታሚንን መጥነው የሚጨምሩበትን ቅምም አዘጋጁ፤ እስከ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል።

ረ/ ብርሃንና ሙቀት። የኖሪው ክር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ሙቀትና ባልበረታ ብርሃን በደኅና ያድጋል። የኬልፕ ክሮች ከዚህ የቀዘቀዘ ይወዳሉ። የብርሃኑ ቀለምም ሥራ አለው፤ በሰማያዊ ብርሃን የኬልፕ ወንድና ሴት ክሮች ይበስሉና ይወልዳሉ፤ በቀይ ብርሃን ግን ሳይወልዱ እያደጉ ብቻ ይኖራሉ። በዚህ ምክንያት የተመረጠ ዘር በቀይ ብርሃን በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህም ለባሕር አረም እንደ ዘር ጎተራ ማለት ነው።

ሰ/ ጠላትን መከላከል። ከጠላቶች ኹሉ የበረታው ዲያቶም የሚባል በዐይን የማይታይ የውሃ ተክል ነው፤ አንድ ብቻ ቢገባ በጥቂት ቀን ዕቃውን ይሞላል። የዲያቶም ልባስ ከሲሊካ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሲሊካን የሚመስለው የጀርማኒየም ውሁድ በጥቂቱ ቢጨመር እድገቱ ይገታል፤ ይህም በ1966 ታትሞ ታወቀ። መጠኑ ከበዛ ግን ቡናማውን አረም ይጐዳል።

ሸ/ መመዝገብ። በያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወላጁ የተገኘበት ሥፍራና ቀን፥ የውሃው ዐይነትና የተቀዳበት ቀን ይጻፋል። ከያንዳንዱም ዘር ኹለት ዕቃ በተለያየ ክፍል ይቀመጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም መብራት ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ የቱንም ያህል ያማረ ተክል ቢኖርበት ለዘር አይሆንም።

4ኛ፤ ከመመርመሪያ ቤት ወደ ባሕር

ይህ ሥራ በጃፓን አልሚዎች ዘንድ እንዲህ ባለ ሥርዓት ይፈጸማል። ቅጠሉ ከመጥፋቱ በፊት ስፖሩ ይወሰድና በገንዳ ውስጥ በተደረደሩ ወይም በተንጠለጠሉ የኦይስተር ዛጎሎች ላይ ይዘራል። ሞቃቱን ወራት ኹሉ ዛጎሎቹ በቤት ውስጥ ውሃቸው እየተለወጠ፥ ብርሃናቸው እየተመጠነ ይቈያሉ፤ የዛጎሉም ፊት እየጠቈረ ይሄዳል። ቀኑ ሲያጥርና ውሃው ሲቀዘቅዝ ክሩ ኹለተኛውን ስፖር ይለቃል፤ በዚያን ጊዜ መረቡ በተሽከርካሪ ላይ ተጠቅልሎ በገንዳው ውስጥ እየዞረ ስፖሩን ይይዛል። ቀጥሎም መረቡ ወደ ባሕር ይወጣል። ትንንሾቹ ቅጠሎች በመረቡ ላይ ከታዩ በኋላ በጥቂቱ ደርቀው እጅግ በቀዘቀዘ ማቀዝቀዣ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መረብ በበሽታ ቢጠፋ ኹለተኛው ይወጣል።

በቻይናም ኬልፕን ለማልማት የተደረገው ከዚህ የሚመሳሰል ነው። ቡቃያውን በሞቃቱ ወራት በቀዝቃዛ ውሃ በቤት ውስጥ የማሳደግ ዘዴ በ1950ዎቹ በመገኘቱ፥ የቀዝቃዛ ባሕር ተክል የሆነው ኬልፕ በሰፊው ሊለማ ችሏል።

5ኛ፤ መመርመሪያ ቤት ብቻውን የማይችለው

ይህን ኹሉ ስንናገር ንጹሕ ዘር ካለ አዝመራው የታመነ ነው ማለታችን አይደለም። ከ2000 እስከ 2001 በነበረው የአዝመራ ወራት በአሪያኬ ባሕር ዲያቶም እጅግ ተራብቶ በውሃው ውስጥ የነበረውን ምግብ ስለ ጨረሰው፥ ኖሪው ቀለሙን አጥቶ አዝመራው ክፉኛ ተጐዳ። ዘሩ ደኅና ነበር፤ የጐደለው ባሕሩ ነው። አልሚዎቹም ምክንያቱ በ1997 ኢሳሃያ የሚባለውን የባሕር ሰላጤ የዘጋው ግድብ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ከግድቡ የተነሣ አዲስ የእርሻ መሬት ያገኙት ገበሬዎች ደግሞ በሩ እንዳይከፈት ተቃወሙ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ፈጀ። ለአንዱ ወገን መሬት የሚያወጣ ሥራ የሌላውን ወገን ውሃ ሊነካ እንደሚችል፥ ነገሩም አስቀድሞ ካልተመረመረ በኋላ በዳኛ ብቻ የማይድን መሆኑን ከዚህ እናያለን።

6ኛ፤ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

የባሕር አረም ከሥራችን ፈጽሞ የተለየ አይደለም። ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣው አጋር በእርሻ መመርመሪያ ቤቶች የዘወትር መሣሪያ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር በሮበርት ኮህ መመርመሪያ ቤት ተሕዋስያን የሚበቅሉበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ ሲያስቸግር፥ የረዳታቸው የዋልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ በአጋር እንዲተካ መከሩ። አጋር ከረጋ በኋላ ወደ ፍል ውሃ የሚቀርብ ሙቀት ካላገኘው ስለማይቀልጥ ከዚያ ወዲህ በዓለም ኹሉ ተሠራበት። ዛሬ የሰብል በሽታ ሲመረመር፥ የድንች፥ የሙዝና የእንሰት ቡቃያ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከበሽታ ነጻ ሆኖ ሲራባ፥ መሠረቱ ይህ የባሕር አረም ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት አለ። እንደ ኖሪው ኹሉ ገበሬያችንን የሚጐዳው የስንዴ ግንድ ዋግ በስፖር የሚራባና ኹለት ኑሮ ያለው ነው። የጀርመኑ ሊቅ አንቶን ደ ባሪ ዋጉ ከስንዴ ሌላ ባርቤሪ በሚባል እሾሃማ ቍጥቋጦ ላይ ኹለተኛ ኑሮ እንዳለው በ1865 አስረድተዋል። የኖሪው ስውር ኑሮ ሲታወቅ አዝመራው ዳነ፤ የዋጉ ስውር ኑሮ ሲታወቅ ደግሞ ጠላት የሚከርምበት አንዱ ሥፍራ ታወቀ። በኹለቱም ዘንድ የዕድል ነገር ይመስል የነበረው ምክንያት ያለው ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት ሦስት ነገር እንድትጠብቁ እናሳስባለን።

መጀመሪያ፥ በማሳ ላይ እንግዳ በሽታ ሲታይ ገበሬው የእግዜር ቍጣ ነው ብሎ ዝም እንዳይል ንገሩት፤ ናሙናውም በቶሎ ይላክ። ዋግ ሕይወት ባለው ቅጠል ላይ እንጂ እንደ ሌላው ሻጋታ በአጋር ላይ በቀላሉ የማይበቅል ስለ ሆነ የዘገየና የሞተ ናሙና ለዘር ማውጫ አይጠቅምም።

ኹለተኛ፥ የታመመው ቅጠል በደረቅ የወረቀት ፖስታ ይላክ እንጂ በላስቲክ ከረጢት አይታፈን፤ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። በመኪናም ውስጥ ለፀሓይ አይተው። የቀበሌው ስም፥ ቀኑ፥ የስንዴው ዐይነትና የማሳው ከፍታ በላዩ ይጻፍ።

ሦስተኛ፥ ከመመርመሪያ ቤት ውጤት በሳምንት አይጠየቅ። አንዲት ስፖር ተለይታ፥ በቅላ፥ ጠባይዋ እስኪታወቅ ድረስ ወራት ይፈጃል። መብራትና ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ እንዲሠራ ማድረግ፥ ለማጥለያና ለመስታወት ዕቃ የሚያስፈልገውን ጥቂት ገንዘብ አለመከልከል፥ ሠራተኛውን በየጊዜው ወደ ሌላ ሥራ አለመጥራት የሹም ድርሻ ነው። ለአንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ የአንድ ዓመት ድካም ሊጠፋ ይችላል።

በማንቸስተር በጥቂት ዛጎልና በንጹሕ ውሃ የተገኘው ዕውቀት በሌላው የዓለም ዳር ለነበሩ ባለ መረቦች እንጀራ ሆነ። በየወረዳችሁም ዛሬ በጥንቃቄ የምትልኩት አንድ የወረቀት ፖስታ በሚመጣው ዓመት የብዙ ገበሬ ማሳ የሚድንበት ሊሆን ስለሚችል፥ ከዚህ በላይ የተጻፈውን ለእርሻ ሠራተኞቻችሁ አንብባችሁ እንድታስረዷቸው አደራ እንላለን።